እንጨት ሆኖ የማይጤስ የለም

«ሰው ሆኖ የማይስት፣ እንጨት ሆኖ የማይጤስ የለም» ይላሉ አባቶቻችን። ይህን ተረት ሳይሰማ ያደገ የጎንደር ልጅ ያለ አይመስለኝም። ባልና ሚስት ሲጣሉ፣ ወንድማማቾች በመሬት ሲካሰሱ፣ ሽማግሌ ተሰብስቦ ሲመክር አንዱ ማንሳቱ አይቀርም። ይሁን እንጂ ተረቱን የምናውለው አብዛኛውን ጊዜ ለጎረቤት ጉዳይ ነው። የገዛ ልጃችን ሲስት፣ ወይም እኛው ራሳችን ሲያቅተን፣ ተረቱ ከአፋችን ይጠፋና «ሰው ምን ይለኛል?» የሚለው ይተካል።

እኔ ጡረታ የወጣሁ ነርስ ነኝ። በዳባት፣ በደባርቅና በዙሪያቸው ባሉ የደጋ ቀበሌዎች፣ በኋላም በጎንደር ከተማ ከሠላሳ ዓመት በላይ አገልግያለሁ። በዚህ ሁሉ ዘመን ከበሽታው ይልቅ በሽታውን መደበቅ የጎዳቸውን ሰዎች ብዙ አይቻለሁ። ዛሬ ለመጻፍ ያነሳሳኝም ይኸው ነው።

ጭስን ካነሳን አይቀር ከጭስ ልጀምር። የሰሜን ደጋ ብርድ ብርቱ ነው። ሌሊት ውርጭ ሲወርድ ሰውም ጥጃም አንድ ጣሪያ ሥር ያድራል፤ ምድጃው ከቤቱ መሃል ነው፤ መስኮት የሌለው ቤትም ብዙ ነው። በዚህ ምክንያት ዓይናቸው የሚያለቅስ እናቶችና በሳንባ ምች የሚያቃስቱ ሕፃናት ከእጃችን አይጠፉም ነበር። የጤና ትምህርት ስንሰጥ ግን «እሳት አታንድዱ» ብለን አናውቅም። ብርዱን በምን ይችሉታል? እንጀራውስ በምን ይጋገራል? የምንላቸው «መስኮት ክፈቱ፣ ለጭሱ መውጫ አብጁለት፣ ሕፃኑን ከምድጃው አርቁት» ነበር።

በ1947 ዓ.ም. የጤና ኮሌጅ ሆኖ ሥራ የጀመረው የዛሬው የጎንደር ዩኒቨርሲቲ የተመሠረተው፣ በደምቢያ ሜዳ የወባ ወረርሽኝ ብዙ ሕዝብ ከጨረሰ በኋላ ነው። ከዚያ የወጡት የጤና መኮንኖች፣ የኅብረተሰብ ነርሶችና የሳኒቴሽን ባለሙያዎች ወደ ገጠር ሲላኩ ዋና ትምህርታቸው አንድ ነበር፦ በሽተኛውን ብቻ ሳይሆን የሚኖርበትንም ቤት ማየት። እኔም የሰውን ድካም የማየው በዚሁ ዓይን ነው። እንድንጠይቅ የተማርነው «ይህ ሰው ለምን ጤሰ?» ብለን ሳይሆን «ጭሱ በየት ይወጣል?» ብለን ነው። መውጫ ያጣ ጥፋት ቤት ውስጥ ይከማቻል፤ መጀመሪያ የሚያፍነውም ደካማውን ነው።

«ስንት ቀን ዘለልክ?»

የሳንባ ነቀርሳ ሕክምና በተለመደው መንገድ 6 ወር ይፈጃል። በሽተኛው መድኃኒቱን በጀመረ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ሳሉ ይቀንስለታል፣ የሌሊት ላቡ ይቆማል፣ እህል ይጥመዋል። ያን ጊዜ «ድኛለሁ» ብሎ ሊተወው ይችላል። ወይም አጨዳ ይደርስና ለመድኃኒት ብሎ ረጅም መንገድ በእግሩ መመላለስ ያቅተዋል። መድኃኒት እየተዘለለ ሲወሰድ ደግሞ ጀርሙ ይለምደዋል፤ በኋላ በሽታው በተለመደው መድኃኒት አልድን ይላል፤ ለልጆቹና ለጎረቤቱም ያው የከፋው ይተላለፋል። ስለዚህ በሽተኛው መዝለል አለመዝለሉን ማወቅ ለእኛ የግድ ነበር።

አንዳንድ ባለሙያዎች «መድኃኒቱን በአግባቡ እየወሰድክ ነው አይደል?» ብለው ይጠይቃሉ። የዚህ ጥያቄ መልሱ ከጥያቄው ጋር አብሮ የመጣ ነው። ገበሬው አንገቱን ደፍቶ «አዎን ጌታዬ» ይላል። ካርዱ ላይ ምልክት ይደረጋል። እውነቱ ግን ኪኒኑ ቤት ውስጥ ከማገር ሥር ተሸጉጦ ይገኛል።

አብረውኝ ይሠሩ የነበሩ አንድ በዕድሜ የገፉ ጤና ረዳት ነበሩ። የእሳቸው አጠያየቅ ሌላ ነበር። «ወንድሜ፣ በየቀኑ ኪኒን መዋጥ ከባድ ነው። ሁሉም ሰው አንዳንድ ቀን ያመልጠዋል። አንተ ባለፈው ወር ስንት ቀን ዘለልክ?» ይላሉ። በሽተኛው ቀና ብሎ ያያቸዋል፤ ከዚያ በጣቱ መቁጠር ይጀምራል። «አምስት ቀን ይሆናል፣ አባ።» «በምን ምክንያት?» «እርሻ ስውል እረሳዋለሁ።» «እንግዲያው ከቁርስህ ጋር አድርገው፤ ባለቤትህም ታስታውስህ።» ነገሩ በሁለት ደቂቃ ይፈታል።

እኒህ ሰው መድኃኒት መዝለልን አላቀለሉትም። በመድኃኒት ጉዳይ እንደ እሳቸው ቆራጥ አላየሁም፤ የቀረ በሽተኛ ቢኖር መልእክተኛ ልከው ያስመጡ ነበር። ነገር ግን ከፊታቸው የተቀመጠው ሰው እንደሚደክም አስቀድመው ያውቃሉ፤ ማወቃቸውንም ያሳዩታል። ሰውየው እውነቱን ለመናገር ድፍረት የሚያገኘው ከዚያ ነው። ከዚህ በኋላ የሰውን ጉድለት መቀበል ማለት ምን እንደሆነ ሲጠይቁኝ የምጠቅሰው እሳቸውን ነው። ጉድለትን መቀበል ጥፋትን ማጽደቅ አይደለም፤ ጥፋቱ እንዲነገርና እንዲታረም በር መክፈት ነው።

አራስ ቤት የሚደበቀው እንባ

ይህ ነገር በብርቱ የሚታይበት ሌላው ቦታ አራስ ቤት ነው። ልጅ ሲወለድ እልል ይባላል፣ ገንፎ ይገነፋል፣ ጎረቤት ይሰበሰባል። ሁሉም «እንኳን ማርያም ማረችሽ» እያለ ይገባል። አራሷም ፈገግ ትላለች። ሌሊት ግን ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ የምታለቅስ አራስ ጥቂት አይደለችም።

በወሊድ ማግስት ያለ ምክንያት ሆድ መባስ በብዙ እናቶች ላይ ይደርሳል። አብዛኛውን ጊዜ በሁለት ሳምንት ውስጥ በራሱ ያልፋል። ካላለፈ፣ እናቲቱ እንቅልፍ ካጣች፣ ሕፃኑን ማየት ካስጠላት ወይም ሞትን ከተመኘች ግን ይህ ሕክምና የሚያስፈልገው በሽታ ነው፤ ታክሞም የሚድን ነው። እንዲህ ያለችው እናት ታዲያ አትናገርም። «እግዚአብሔር ልጅ ሰጥቶኝ የማዝን እኔ ምን ዓይነት እናት ነኝ?» ትላለች። ሌሎች እናቶች ሁሉ ደስተኞች፣ እሷ ብቻ የጎደለባት ይመስላታል።

አንዲት አራስ ልጇን ለክትባት ይዛ መጥታ ዝም ብላ ተቀምጣ ነበር። ከጎኗ የነበሩት አማቷ፣ ነጭ ነጠላ የለበሱ የደጋ ባልቴት፣ እሷ ሳትናገር «ሲስተር፣ ይህች ልጅ አልቅሳ አልቅሳ ዓይኗ ሊጠፋ ነው። እኔም የመጀመሪያ ልጄን ስወልድ እንዲህ ሆኜ ነበር፤ ለማንም አልተናገርኩም፤ እሷ እንደኔ እንድትቃጠል አልፈልግም» አሉ። ልጅቷ አማቷን ዘወር ብላ አየቻቸው። ለአራት ዓመት በአንድ ግቢ ሲኖሩ ያንን ነገር ሰምታ አታውቅም። ከዚያ በኋላ መናገር ጀመረች።

እኔ ያን ቀን ያደረግሁት ብዙ አልነበረም፤ አዳምጬ ወደ ሐኪም ላክኋት። ትልቁን ሥራ የሠሩት አማቷ ናቸው። አያቶች ሆይ፣ በእጃችሁ ያለው መድኃኒት ይህ ነው። የልጅ ልጆቻችሁና ምራቶቻችሁ የሚያውቁት ዛሬ የተከበራችሁትን፣ ነጠላችሁን አጣፍታችሁ ቤተ ክርስቲያን የምትስሙትን፣ ወይም መስገጃችሁን ይዛችሁ መስጊድ የምትሄዱትን ነው። እናንተም ወጣት ሳላችሁ አቅቷችሁ እንደነበረ ከእናንተ አፍ ካልሰሙት ከማን ይሰሙታል?

የፈተናው ውጤት ሲመጣ

ወላጆችን በእነዚህ ዓመታት እጅግ ያስጨነቀው የ12ኛ ክፍል ፈተና ነው። በ2014 የትምህርት ዘመን ብሔራዊ ፈተናውን ከወሰዱት ተማሪዎች 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት ከ100 ወደ 3 ገደማ ብቻ ነበሩ። በ2015ም እንዲሁ 3 ገደማ፣ በ2016 ደግሞ 5 ገደማ ሆኑ። እንግዲህ አስቡት፤ ከመቶ ቤት በዘጠና አምስቱ ውጤት የተጠበቀውን ያህል አልመጣም ማለት ነው። ይሁንና በየቤቱ ያለው ወላጅ ነገሩን የሚቆጥረው በእሱ ቤት ላይ ብቻ እንደ ወረደ መዓት ነው። ውጤቱን ከዘመድ ይደብቃል፤ ልጁንም «አዋረድከኝ» ይለዋል።

አንድ የማውቃቸው አባት ልጃቸው ውጤቱን ካየ በኋላ ለሦስት ሳምንት ያህል አላናገሩትም። ልጁ ከማታ ምግብ መቅረት ጀመረ፤ ቀን ይተኛል፣ ሌሊት ይነቃል። እናቱ ተጨንቀው እኔ ዘንድ መጡ። አባትየውን አገኘኋቸውና ስለ ፈተናው ምንም ሳላነሳ ስለ ልጁ እንቅልፍና ምግብ ጠየቅኋቸው። ዝም አሉ። ቆይተው «ሲስተር፣ እኔኮ የተቆጣሁት ልጄ ምን ይሆናል ብዬ ፈርቼ ነው» አሉኝ። «ይህንን ለእሱ ነግረውት ያውቃሉ?» አልኳቸው። አልነገሩትም። ልጁ ሲሰማ የነበረው የአባቱን ዝምታ ነው፤ ዝምታውን ደግሞ «አልፈልግህም» ብሎ ተርጉሞታል።

ውጤት አይቆርቁር፣ ትምህርት ቀላል ነገር ነው እያልኩ አይደለም። ልጅ እንዲጠና፣ እንዲተጋ መጠበቅ የወላጅ ወግ ነው። ነገር ግን ልጅ ወድቆ ሲመጣ የሚጠይቀን አንድ ጥያቄ አለ፤ በአፉ አያወጣውም እንጂ በዓይኑ ይጠይቀናል። «ወድቄም ልጃችሁ ነኝ ወይ?» ይላል። ለዚህ ጥያቄ «አዎን» የሚል መልስ ያገኘ ልጅ ስለሚቀጥለው ዓመት፣ ስለ ሙያ ትምህርት፣ ስለ ሥራ ቁጭ ብሎ መነጋገር ይችላል። መልስ ያጣ ልጅ ግን መጀመሪያ ከማዕድ፣ ከዚያም ከቤት ይርቃል።

እናቶች አንድ ነገር ታውቃላችሁ። ምጣድ ከተሰማ በኋላ የሚወጣው የመጀመሪያው እንጀራ ማሟሻ ነው፤ ዓይን አያወጣም፣ ይቀደዳል፣ ይጣበቃል። ስለ እሱ ብላ ሊጡን የደፋች ሴት ግን አላየሁም። እሳቱን ታስተካክላለች፣ ምጣዱን ታሰሳለች፣ ሁለተኛውን ትጋግራለች። በእጃችን እንዲህ ያለ ትዕግሥት እያለ ለልጆቻችን ለምን ያጥረናል?

አባቶቻችን ያበጁት መውጫ

የሰው ልጅ እንደሚስት አስቀድሞ ማወቅ አዲስ ፍልስፍና አይደለም። በአገራችን እምነቶችና ባህሎች ውስጥ ተሠርቶ የቆየ ነገር ነው።

የንስሐ አባትን ነገር ውሰዱ። በጎንደርና በገጠሩ ያለ የኦርቶዶክስ ቤተሰብ የንስሐ አባት አለው። ይህ ሥርዓት ቤተሰቡ ሁሉ ጻድቅ ነው ብሎ ቢያምን ኖሮ ባላስፈለገ ነበር። ካህኑ ቤት ለቤት የሚመጡት የሚነገር ነገር እንደማይጠፋ ስለሚታወቅ ነው። ኃጢአቱ ይነገራል፣ በምስጢር ይያዛል፣ እንደ ሰውየው አቅም ቀኖና ይሰጠዋል፤ ጾሙን፣ ስግደቱን፣ ምጽዋቱን ሲፈጽም ነገሩ ያበቃል። ማለቂያ የሌለው ወቀሳ አይደለም። እኛ ወላጆች ይህን የመጨረሻውን ነገር ብንማር እወዳለሁ። በቤታችን ብዙ ጥፋት ይቀጣል እንጂ አይዘጋም፤ በአሥረኛ ዓመቱም በጠብ መካከል ይነሳል።

የካቲት 16፣ በኪዳነ ምሕረት ዕለት፣ የበላዔ ሰብእ ታሪክ በየቤተ ክርስቲያኑ ይሰማል። ሰባ ስምንት ነፍስ የበላ ሰው፣ በእመቤታችን ስም ለለመነው በሽተኛ የሰጠው አንድ ጥርኝ ውኃ በሚዛን ላይ ደፋለት ይባላል። ሥዕሉም በብዙ አብያተ ክርስቲያናት ግድግዳ ላይ አለ። ትርጓሜውን ለሊቃውንቱ እተዋለሁ። በሥራዬ ላይ ግን ይህ ታሪክ ብዙ ጊዜ ትዝ ይለኝ ነበር። ሰክሮ ተጣልቶ ራሱን ተፈንክቶ የመጣ፣ ሁሉም የተጸየፈው ሰው ፊቴ ሲቀመጥ፣ በዚህም ሰው ውስጥ አንድ ጥርኝ ውኃ አይጠፋም እል ነበር።

የእስልምና ተከታይ ጎረቤቶቻችን ተውበት አላቸው፤ ሰው ወደ ፈጣሪው የሚመለስበት በር እስትንፋሱ እስካለች ክፍት ነው ብለው ያምናሉ። «አፉ በለኝ» የሚለውንም ቃል ክርስቲያኑም ሙስሊሙም በጋራ ይጠቀምበታል። ከጎንደር ብዙም በማትርቀው አምቦበር ደግሞ ቤተ እስራኤላውያን በየዓመቱ በኅዳር ገደማ የስግድን በዓል ያከብሩ ነበር። ሕዝቡ ጾሞ፣ ድንጋይ ተሸክሞ ተራራ ይወጣል፤ ቄሶቹ ኦሪት ያነባሉ፣ ኑዛዜና ጸሎት ይደረጋል። ከዚያ ይወርዱና ጾማቸውን ፈተው በዘፈንና በእልልታ ይደሰታሉ። ዛሬ በዓሉ በኢየሩሳሌም ይከበራል፤ በ2000 ዓ.ም. በእስራኤል ሕግ ብሔራዊ በዓል ሆኗል። እኔን የሚገርመኝ ቅደም ተከተሉ ነው። ሽማግሌውም፣ ወጣቱም፣ ቄሱም ድክመቱን ይዞ አብሮ ይወጣል፤ አብሮ ይወርዳል፤ አብሮ ይበላል። ብቻውን ተራራ ላይ የሚቀር የለም።

የሽማግሌው እርቅም እንዲሁ ነው። በዳይ ድንጋይ በጫንቃው ተሸክሞ ከተበዳይ ፊት ይቆማል። ሽማግሌው ሁለቱንም ይሰማል፣ ካሳው ይቆረጣል፣ ተበዳይም «ይቅር ለእግዚአብሔር» ብሎ ድንጋዩን ያወርድለታል። ድንጋዩ የሚሸከሙት እንጂ አብረውት የሚኖሩት አይደለም።

ጎንደርና ንጉሥዋ

ከቤት ወጣ ብለን ከተማችንን እንይ። አፄ ቴዎድሮስ በየካቲት 1847 ዓ.ም. የነገሡት በስሜን፣ በደረስጌ ማርያም ነው። የተበታተነችውን አገር አንድ ለማድረግ የተነሡ፣ ለዘመኑ ታላቅ ሐሳብ የነበራቸው ንጉሥ ነበሩ። እኒሁ ንጉሥ በ1859 ዓ.ም. ጎንደርን አዘረፉ፣ አቃጠሉ፤ አብያተ ክርስቲያናቱን ሳይቀር። በሚያዝያ 1860 ዓ.ም. መቅደላ ላይ ራሳቸውን ሠዉ።

ዛሬ ጎንደር ፒያሳ ብትሄዱ መካከል ላይ የምታገኙት የእሳቸውን ሐውልት ነው። አውሮፕላን ማረፊያውም በስማቸው ይጠራል። ልጁን ቴዎድሮስ ብሎ የሚሰይመው ስንቱ ነው? የጎንደር ሰው ቃጠሎውን አልረሳም፤ ሽማግሌዎች እስከ ዛሬ ይተርኩታል። ግን በዚያ ምክንያት ንጉሡን ከልቡ አላወጣቸውም። ቁጣቸውንም ጀግንነታቸውንም፣ በደላቸውንም ራእያቸውንም በአንድ ልብ ይዞ መኖር ችሏል።

ከተማውን ላቃጠለ ንጉሥ ይህን ያህል ልብ ካለን፣ ፈተና ለወደቀ ልጅ፣ ሳህን ለሰበረች የልጅ ልጅ፣ በንዴት ክፉ ቃል ለተናገረ ወንድም እንዴት ያጥረናል?

ተረቱ የበዳይ መጠለያ እንዳይሆን

ይህን ሁሉ ካልኩ በኋላ አንድ ነገር ሳልናገር ብቀር ግን ሙያዬን መካድ ይሆንብኛል። «ሰው ሆኖ የማይስት የለም» የሚለው ቃል ያለ ቦታው ሲውልም አይቻለሁ።

ባልዋ የደበደባት ሴት ቁስሏ ተጠርጎ ስትሄድ፣ ሽማግሌ ገብቶ «ሰው ነው፣ ይሳሳታል፤ ለልጆችሽ ስትይ ተመለሽ» ይላታል። ከሁለት ወር በኋላ በሌላ ቁስል ትመለሳለች። ይህ ስሕተትን መቀበል አይደለም። ድንጋዩን በበዳይ ፋንታ ተበዳይዋን ማሸከም ነው። ሕፃን ልጅ ላይ የሚደርስ ጥቃት፣ 18 ዓመት ያልሞላትን ልጅ መዳር፣ ሚስትን መደብደብ ሁሉ ወደ ሕግ የሚሄድ ነገር ነው፤ ቡና ተፈልቶ የሚዘጋ ጉዳይ አይደለም። አባቶች በሠሩት እርቅ ውስጥ እንኳ ይቅርታው የሚመጣው በዳይ ካመነ፣ ከካሰና ካቆመ በኋላ ነበር።

የሰውን ጉድለት የምንቀበለው እውነቱ እንዲወጣ ነው። እውነቱን ለማፈን የምንጠቀምበት ከሆነ መስኮቱን መልሰን ዘጋነው ማለት ነው።

በቤታችን ምን እናድርግ?

ብዙ ወላጆች «እሺ፣ ከየት እንጀምር?» ይሉኛል። በሥራ ላይ ሲጠቅሙ ያየኋቸውን ጥቂት ነገሮች ላካፍላችሁ።

ልጅ አጥፍቶ ሲመጣ የመጀመሪያው ጥያቄያችን «ለምን?» ባይሆን መልካም ነው። «ለምን?» ሲባል ልጅ ሰበብ ይፈልጋል። «ምን ሆነ? እስኪ ከመጀመሪያው ንገረኝ» ሲባል ግን ታሪኩን ይናገራል። ንዴት ካለብን ውኃ ጠጥተን፣ ደጅ ወጣ ብለን ተመልሰን እንጠይቀው። በንዴት የተጠየቀ ልጅ ውሸት ይለምዳል።

ሥራውን ከስሙ እንለይ። ገንዘብ የወሰደን ልጅ «ሌባ» ከማለት «ከቦርሳዬ ይህን ያህል ብር ወስደሃል፤ እንዴት ትመልሳለህ?» ማለት ይሻላል። ስም ከሰጠነው ስሙን ይዞ ይኖራል፤ ሥራውን ከነገርነው ግን ሥራውን ሊያርም ይችላል። የሰበረውን ይጠግን፣ የወሰደውን ይመልስ፣ የሰደበውን ይቅርታ ይጠይቅ። ከዚያ ነገሩ ይዘጋ።

ወላጅም ለልጁ «አፉ በለኝ» ማለትን አይፍራ። አንዳንድ አባቶች ክብሬ ይቀንሳል ብለው ይሠጋሉ። እኔ ያየሁት ተቃራኒውን ነው። አባቱ ያለ አግባብ ተቆጥቶት በማግስቱ ይቅርታ የጠየቀው ልጅ፣ ነገ ሲያጠፋ ቀድሞ የሚመጣው ወደዚያው አባት ዘንድ ነው።

ለራሳችንም እንዘን። ልጅ በሚገባ አላሳደግሁም፣ ለእናቴ ሳልደርስላት ሞተች እያሉ በዕድሜ ማምሻ ራሳቸውን የሚያሠቃዩ አያቶች ብዙ ናቸው። ይህ ሐሳብ ደም ግፊትንና እንቅልፍ ማጣትን ያባብሳል። ሊካስ የሚችል ነገር ካለ ዛሬ ይካስ፤ በሕይወት ያለ ሰው ካለ ይደወልለት፤ ያለፈውን ደግሞ ለንስሐ አባት ወይም ለሚታመን ወዳጅ ተናግሮ ማውረድ ይገባል። ሌላውን ይቅር እያሉ ራስን መኮነን ትሕትና ሊመስል ይችላል፤ ለነፍስም ለሥጋም ግን አይበጅም።

በመጨረሻም፣ ልጃችሁ ወይም የቤተሰባችሁ አባል ከሁለት ሳምንት በላይ ከምግብና ከእንቅልፍ ከራቀ፣ ከሰው ከሸሸ፣ «እኔ አልረባም»፣ «ብሞት ይሻላል» የሚል ቃል ከተናገረ ቸል አትበሉ፤ አትገሥጹትም። ብቻውን አትተዉት፤ ቀጥታ ጠይቁት፤ ወደ ጤና ተቋም ይዛችሁት ሂዱ። በጎንደር ዩኒቨርሲቲ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል የአእምሮ ሕክምና ይሰጣል። ጠበል መውሰድ የፈለገም ይውሰድ፤ መድኃኒቱን ግን አያቋርጥ። ሁለቱ አይጣሉም።

በሥራ ዘመኔ ብዙ ቤት ገብቻለሁ። ሀብታሙንም ድሃውንም፣ የተማረውንም ያልተማረውንም አይቻለሁ። ጉድለት የሌለበት ቤት አላገኘሁም። የሚለያዩት በአንድ ነገር ነበር፤ በአንዱ ቤት ጥፋት ሲፈጸም ሁሉም ይደበቃል፣ በሌላው ቤት ሁሉም ተቀምጦ ይነጋገራል። የሁለተኛው ቤት ልጆች ያነሰ ስለሚያጠፉ አይደለም፤ ሲያጠፉ የሚሄዱበት ስላላቸው ነው።

ቤታችሁን እውነት የሚነገርበት ያድርግላችሁ። መልካም ሳምንት።